ከራስጌ የመጣው ቀጥ ያለ ቤት

አገሩን በስሙ አልጠራውም። ብጠራው የሚቆጣ ኖሮ አይደለም፤ ሰው ሁሉ እኔን ለማየት ይጎርፍና ለእንግዳ መቀመጫ ስለሚያጥረኝ ነው። አገሩ እንደ አልጋ የተዘረጋ ነው ብላችሁ ያዙልኝ። ላይኛው ክፍል ራስጌ ይባላል፤ መሐሉ ወገብ፤ ታችኛው፣ እኛ ያለንበት፣ ግርጌ።

በራስጌ ቤቱ ሁሉ ድንጋይ ነው። ግድግዳው ከመወፈሩ የተነሣ ባል ከደጅ የተጣራውን ሚስት በሦስተኛው ቀን ትሰማዋለች። አጋነንክ የሚለኝ ካለ በሁለተኛው ቀን ይሁንለት። አያት የሠራውን ቤት የልጅ ልጅ ይኖርበታል እንጂ አንዲት ጠጠር አይጨምርበትም። በወገብ ደግሞ ቤት ማለት ወደ መንገድ የሚያየው ግድግዳ ነው። እሱ ቀለም ተቀብቷል፣ መስኮት አለው፣ መስኮቱም መጋረጃ አለው፤ ከጀርባው ግን ሰሌንና ነፋስ ብቻ ነው። ወገብ ሄዳችሁ «ግቡ» ብትባሉ አትግቡ፤ መግባት ማለት በወዲያ በኩል መውጣት ነው። እኔ አንድ ጊዜ ለሠርግ ተጠርቼ በሩን አልፌ ብገባ ራሴን ከሰው እርሻ መሐል አገኘሁት፤ ሙሽሮቹም እዚያው ነበሩ።

ግርጌ የኛ ነው። መሬቱ መረሬ ነው፤ ያ ጥቁሩ፣ በበጋ የሚሰነጠቀው፣ በክረምት እንደ ሊጥ ኩፍ የሚለው። የጠፋ በሬዬን ከስንጥቁ ውስጥ በቀንዱ ጎትቼ አውጥቼ አውቃለሁ። በዚህ መሬት ላይ ግድግዳህን ዛሬ ቀጥ አድርገህ ብታቆመው ለከርሞ ወደ ቁልቁለቱ ያጎነብሳል። ስለዚህ አባቶቻችን ትከሻ የሚባል ወግ አወጡ። ጎጆ ልትወጣ ያሰብክ እንደሆነ፣ ጭቃ ከማቡካትህ በፊት፣ ከበታችህ ወዳለው ጎረቤት ራስህን ገልጠህ ትሄዳለህ። «ትከሻህን» ትለዋለህ። እሱም ግድግዳውን በመዳፉ መታ መታ ያደርግና «ተደገፍ» ይልሃል። ከዚያ ቤትህን በሱ ቤት ላይ አስደግፈህ ትሠራለህ፤ አንተም በተራህ ከላይ ለሚመጣው ትከሻህን ትሰጣለህ። እምቢ ያለ ሰው በግርጌ አልተወለደም። ተወልዶ ከሆነም ቤት አልነበረውም።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ቤት ከኮረብታው አናት ጀምሮ አንዱ ባንዱ ላይ እየተደገፈ ይወርድ ይወርድና መጨረሻ ላይ አንድ ቤት ላይ ያርፋል። ያ ቤት የማን ይመስላችኋል? የኔ የይርዳው ነው። ሦስት መቶ ቤት ተሸክሜ የኖርኩ ሰው ነኝ።

«ሠላሳም አይሞሉ» ትላለች ባለቤቴ አልጣሽ፣ ይህን በተናገርኩ ቁጥር። እሷ መቁጠር ትወዳለች፤ እኔ መሸከም።

ከኔ ቤት በታች ትከሻ የሚሰጥ የለም። ባዶ ሜዳ ነው። እኛን ያቆመን ከውጭ ያስደገፍነው ባላ ነበር፤ በየዓመቱ አንድ ባላ እንጨምራለን፣ ግድግዳችን ከሩቅ ሲታይ ጃርት ይመስል ነበር። ክረምት ሲገባ ሰፈሩ ሁሉ ቀስ ብሎ ጣት ለጣት ወደ ታች ይገፋል። ያን ጊዜ በግርጌ የሚተኛ የለም። ዝናብ ሲዘንብ ሰው ሁሉ ጆሮውን ግድግዳው ላይ አድርጎ ያዳምጣል፤ ቀን ከሆነም ሥራ ይፈታል።

ባለፈው ክረምት የታችኛው ግድግዳችን ማገር ጮኸ። ሲነጋ አልጣሽ ጣቷን ወደ ስንጥቁ ሰደደችው፤ እስከ ሥሩ ገባ።

«ይርዳው፣ ይሄ ግድግዳ የሚመጣውን ክረምት አይሻገርም» አለችኝ።

«እኔ በጀርባዬ እይዘዋለሁ» አልኳት።

«ጀርባህንማ አውቀዋለሁ። ፍራሽ ነው የሚይዘው።»

ነገሩ በዚህ ላይ እንዳለ ከራስጌ ሸንጎ ውሳኔ ወረደ፤ «በአገሩ ውስጥ በቤትና በቤት መካከል ልዩነት አይኑር» የሚል። እልል አልን። እኔ የዘለልኩት ዝላይ ዛሬም ድረስ በግርጌ ይወራል፤ ዋናው አውሪ እኔ ብሆንም። ሸንጎው ለብዙ ዘመን መክሮ የልዩነቱን ሥር አግኝቶት ነበር። አንዳንዱ ቤት ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ አንዳንዱ ዘሟል። ስለዚህ የዘመመው ይፍረስ። የዘመመው ከፈረሰ የሚቀረው ሁሉ ቀጥ ያለ ነው፤ ልዩነት የለም። እንዲህ ያለ ጥርት ያለ ሐሳብ ከግርጌ አይወጣም። እኛ ዘንድ ሐሳቡም ትንሽ ዘመም ይላል።

ይህን የሚፈጽሙ የቱንቢ ሹም መጡ። ቱንቢ ብረት በክር የሚንጠለጠልበት ነው፤ ግንበኞች ግድግዳ መቅናቱን የሚያዩበት። ሹሙ አቶ ልሳነወርቅ ይባላሉ። ረጅም ናቸው፣ ቀጭን ናቸው፤ አንገታቸው አይዞርም፤ ወደ ጎን ማየት ሲፈልጉ በሙሉ አካላቸው ነው የሚዞሩት። ሦስት ረዳት አስከትለዋል። አንዱ ክር ያዥ ነው፤ አንዱ ብረት ያዥ። የሦስተኛው ሥራ ብረቱ መወዛወዙን ሲተው «ቆመ!» ማለት ነው። ሌላ ሥራ የለውም። ድምፁ ግን ያምር ነበር፤ በሰው ሙያ አልቀናም።

ደንቡ ከታች ወደ ላይ ለካ ይላልና ከኔ ጀመሩ። ክር ያዡ ጣሪያዬ ላይ ወጣ። ብረቱ ወረደ፤ ወዲያ ወዲህ አለ።

«ቆመ!»

ብረቱ ከግድግዳዬ ሥር ርቆ ተንጠልጥሏል። በብረቱና በግድግዳው መሐል ፍየላችን ሳትጨናነቅ አለፈች።

«ይህ ቤት ዘሟል» አሉ አቶ ልሳነወርቅ።

«አልዘመመም ጌታዬ፣ ተደግፈውበት ነው እንጂ» አልኩ።

«ይፈርሳል።»

ከላይ የሚያዋስኑኝ ጎረቤቴ እትዬ ዘርትሁን ናቸው። ግድግዳችን አንድ ስለሆነ በኛ ቤት የሚነገር ነገር ሁሉ እሳቸው ዘንድ ይደርሳል፣ አንዳንዴ እንዲያውም ቀድሞ። ከጣሪያቸው ሥር ባለች ቀዳዳ አንገታቸውን አወጡ።

«የሱ ከፈረሰ የኔ በማን ላይ ሊተኛ ነው?»

«በራሱ ይቁም» አሉ ሹሙ።

«በራሱ! ወይ ልጄ፣ አንተስ በራስህ መች ቆምክ? አንዲት ክር ለማንጠልጠል ይሄን ሁሉ ሰው አስከትለህ መጥተህ!»

ሹሙ በሙሉ አካላቸው ወደሳቸው ዞሩ። «ሕጉ የሚያውቀው አንድ ቤት ነው፤ ሰፈር አያውቅም። አንድ በአንድ ነው የምናየው።»

«እኛ ደግሞ አንድ በአንድ አይደለም የምንወድቀው» አሉ እትዬ ዘርትሁን።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚያ ላይ ያለቅስ ነበር። እኔ ግን ጅብ ከስሼ አህያዬን ከነካሣዋ ያስመለስኩ ሰው ነኝ። አንድ እርምጃ ወደፊት ራመድኩና፦

«ጌታዬ፣ ድፍረት አይሁንብኝና፣ ቱንቢው ራሱ ቀጥ ማለቱ በምን ይታወቃል?» አልኳቸው።

አልጣሽ እስከዛሬ «የምትለው አጥተህ ነው ያልከው» ትላለች። ተመካክሬበት ነበር፤ ከራሴ ጋር።

ሹሙ ፈገግ አሉ። ይህን የሚጠይቃቸው ሰው ሲጠብቁ የኖሩ ይመስላሉ። እንደነገሩን፣ በራስጌ፣ ከሸንጎው ፊት ለፊት፣ ቀጥ ብሎ በመቆሙ የታወቀ ቤት አለ። ቱንቢው ዘወትር ማለዳ በዚያ ቤት ይፈተሻል። ብረቱ ከቤቱ ግድግዳ ጋር ከተስማማ ቱንቢው ደህና ነው፤ ካልተስማማ ይጣልና ሌላ ቱንቢ ይመጣል።

«ቤቱ ዘሞ ቢሆንስ?» አለች አልጣሽ።

«እንዴት ይዘማል? መለኪያው እኮ ነው።»

«እውነትዎን ነው» አልኩ ቶሎ ብዬ። «ታዲያ ዛሬ ማለዳ ተፈትሿል?»

ክር ያዡ ብረት ያዡን አየው። ብረት ያዡ ብረቱን አየው። ከራስጌ ወጥተው እኛ ዘንድ እስኪደርሱ ጨረቃ ሞልታ ጎድላለች። «ቆመ» ባዩ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ከዚያች ቃል በቀር ሲናገር ስንሰማው ያ የመጀመሪያው ነው።

«ጌታዬ፣ ማለዳ ያልተፈተሸ ቱንቢ በክር የታሰረ ብረት ነው ይላል ደንቡ።»

አቶ ልሳነወርቅ ያን ብረት አነሡና በመዳፋቸው ላይ አዩት። ይህን ልመስክርላቸው፤ ደንብን ከራሳቸው አብልጠው የሚፈሩ ሰው ነበሩ። ሌላ ሹም ቢሆን «ዝም በል» ብሎት ቤቴን አፍርሶ ነበር።

«እዚህ አገር የሚፈተሽበት ቀጥ ያለ ቤት አለ?» ብለው ጠየቁ።

«በግርጌ?» አሉ እትዬ ዘርትሁን፤ ሳቃቸው አንቋቸው ቀዳዳው ውስጥ ጠፉ።

እንግዲህ መላው አንድ ብቻ ነበር፤ ቀጥ ያለው ቤት ወደ ግርጌ ይምጣ። ሹሙ ክር ያዡን ወደ ራስጌ ላኩት፤ ሸንጎውም ሳያንገራግር ተስማማ። የግርጌ ሰው የሚኖርበት ደህና ቤት ይሠራለት ብለን በየዘመኑ ለምነናል፤ ድንጋይ ለማውረድ መንገዱ አይመችም ነበር መልሱ። ለቱንቢው ሲሆን መንገዱ ተመቸ። ያንን ቤት ድንጋይ በድንጋይ ፈትተው፣ በበቅሎ ጭነው፣ በሰው ትከሻ አሸክመው አወረዱት። የበቅሎው ሰልፍ ፊተኛው እኛ ደጅ ሲደርስ ኋለኛው ገና ከራስጌ አልተነሣም ነበር። አልጣሽ ስለዚህ የምትለው አላት፤ እሱን እለፉት።

«የት ይተከል?» አሉ ሹሙ፣ ሜዳውን እየቃኙ።

አልጣሽ ነጠላዋን አስተካከለች። «ጌታዬ፣ እዚችው ከኛ ግድግዳ ሥር ቢሆን ምን ይመስልዎታል? ማለዳ ቱንቢውን ፈትሸው ወደኛ ለመምጣት እግርዎ እንዳይደክም።»

ሐሳቡ የኔ ነበር። እሷ ቀድማ ተናገረችው እንጂ።

«መልካም» አሉ ሹሙ። «በርቀት ላይ ያለ ቤት በርቀት ያለ ፍርድ ያመጣል።» ይህን ብለው በንግግራቸው ተደሰቱ። ከዚያ ግን ያላሰብነው መጣ፤ የመለኪያው ቤት በሚቆምበት ቦታ የኛ ባላዎች ተተክለዋል፤ ይነቀሉ ተባለ። አንድ ባላ በተነቀለ ቁጥር ከኮረብታው አናት ድረስ «እንዴት ነው?» የሚል ድምፅ ከቤት ወደ ቤት ይወርዳል፤ እኔም «አለሁ!» እላለሁ፤ መልሱ ደግሞ ከቤት ወደ ቤት ይወጣል። በጋ ነበርና መረሬው እንደ ብረት ደርቆ ሁሉን ባለበት ነክሶ ያዘው። ጠላታችን ዝናብ ነው። አሁን በዝናብና በኛ መሐል አንዲት እንጨት አልቀረችም።

ግንበኞቹ መሠረት ቆፈሩ። እኛ ጉድጓድ የምንለውን አልፈው፣ መቃብር የምንለውን አልፈው፣ እስኪያቅታቸው ወርደው አለት አገኙ። ሰፈሩ በሙሉ ጫፉ ላይ ተሰብስቦ አየ። ለሰባት ትውልድ እየተንሸራተትን ከኖርንበት መሬት ሥር እንዲህ ያለ የማይነቃነቅ አለት ተኝቶ ኖሯል።

«አየኸው ወይ ይርዳው?» አሉ እትዬ ዘርትሁን በሹክሹክታ።

«አስቀድሜ አውቅ ነበር» አልኩ። «ለሰው አልተናገርኩም እንጂ።»

ቤቱ ቆመ። እንዴት ያለ ቤት! ጥግና ጥጉ እንደ ተሳለ ቢላ ነበር። ጣሪያው ጠብታ አያሳልፍም፣ በሩ ሲዘጋ እንደ መክደኛ ይገጥማል። በኔ ግድግዳና በሱ ግድግዳ መሐል እጅ የሚያስገባ ክፍተት ብቻ ተረፈ። አቶ ልሳነወርቅ ደጁ ላይ ቆመው ደንቡን በቃላቸው አሰሙን፤ በመለኪያው ቤት ማንም አይኖርበትም፤ ማንም አይተኛበትም፤ የመለኪያውን ቤት የሚጎዳ ነገር ማንም አያድርግ፣ ሹምም ቢሆን። ከዚያ ቆለፉት። ስለዚህ በግርጌ ታሪክ ከተሠራው ቤት ሁሉ የላቀው ባዶውን ቆመ፤ ሹሙ ደግሞ ድንኳናቸውን ነፋስ ስለወሰደው እኔ ዘንድ አደሩ።

በኛ ቤት ወለሉም ያዘቀዝቃል፣ ምሰሶውም ያዘቀዝቃል። እንግዳ እንዳይደናቀፍ ራሱን ዘመም አድርጎ መሄድ አለበት። መጀመሪያ መጀመሪያ ሹሙ ቀጥ ብለው እየሄዱ ግንባራቸውን ወራጁ ሲመታው ቆየ። እየዋለ እያደረ ያ የማይዞር አንገታቸው ለመደ። አንድ ቀን ሽሮ ሲበሉ ወደ አልጣሽ አንገታቸውን ብቻ መልሰው «ጨው አለ?» ሲሉ አየኋቸው።

ቢሆንም ሹም ሹም ነው። ቱንቢው በመለኪያው ቤት ተፈተሸ፤ ብረቱ ከግድግዳው ጋር ተስማማ። የኔም ቤት እንደገና ተለካ፤ የተገኘው ያው ነው። ምሳ ላይ ተቀምጠን እንዲህ አሉኝ፦

«ይርዳው፣ ነገ ማለዳ ይፈርሳል። ከናንተ ጀምረን ወደ ላይ እንሄዳለን። ይህን ስናገር ደስ እያለኝ እንዳይመስልህ። ምግቡ ግን ጣፋጭ ነው።»

«ይብሉ ጌታዬ» አለች አልጣሽ፣ እየጨመረችላቸው። «ነገ ማድቤትም የለን።»

ከግድግዳው ወዲያ እትዬ ዘርትሁን «እኔ ደግሞ ነገ ግድግዳ የለኝ፤ በቀጥታ ገብቼ እበላለሁ» አሉ። ማንም አልሳቀም። እኔ እንኳ። ያን ዕለት ስለ ጀርባዬ አንድ ቃል አልተናገርኩም፤ አልጣሽም ይህን አይታ ፈራች። ተነሥታ መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች። «አንድ ነገር በል እንጂ» አለችኝ ቀስ ብላ። «ሦስት መቶ ነው በል፤ አላርምህም።»

አፌን ስከፍት ሰማዩ ቀደመኝ።

ክረምቱ ቀኑ ሳይደርስ መጣ። ነጎድጓድ በኮረብታው አናት ላይ ተንከባለለና ዝናቡ እንደ ፈሰሰ ጤፍ ወረደ። መረሬው ጠጣ፣ ጠጣ፣ ኩፍ አለ። ትንሽ ቆይቶ ከላይ፣ ከሩቅ፣ ያ የምናውቀው ድምፅ ተሰማ፤ ያረጀ ጋሪ ሲነሣ የሚያሰማው ዓይነት። «መጣ!» አለ አንዱ ከላይ። «መጣ!» አለ ከሱ በታች ያለው። ድምፁ ቤት ለቤት ወረደ፤ በየደረሰበት እንጨት ይጮሃል፣ ሴት ትጮሃለች፣ ሕፃን ያለቅሳል። በኛና በመለኪያው ቤት መሐል ያለው ክፍተት ትዝ ያለው ማንም አልነበረም። እንደ ልማዳችን ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጠሁ፤ አልጣሽም ሰጠች። ክር ያዡ ሰጠ፤ ብረት ያዡ ሰጠ።

አቶ ልሳነወርቅ ቱንቢያቸውን እንደያዙ መሐል ቤት ቆመው ነበር። ወደ በሩ አዩ። ወደኛ አዩ።

«ጌታዬ፣ ይውጡ!» አልኳቸው።

አልወጡም። ቱንቢውን መሬት ላይ አስቀመጡና በኔና በአልጣሽ መሐል ገብተው ያን ረጅም ጀርባቸውን ግድግዳው ላይ ለጠፉት።

«ይርዳው!» አሉ እትዬ ዘርትሁን ከወዲያ። «መምጣቴ ነው! ያዘኝ!»

«ይምጡ!» አልኩ።

መጡ። የሰፈሩ ክብደት በሙሉ ወረደብን። ሦስት መቶ ቤት! ማገሩ ተንጣጣ፣ ምርጊቱ በራሳችን ላይ ረገፈ፣ ጀርባችን ከነግድግዳው ወደ ውጭ ሄደ። አልጣሽ እጄን ያዘችኝ። ሹሙም ያዙኝ። ወደ ኋላ እየወደቅን ነው፣ እየወደቅን ነው፤ ከዚያ የደከመው ሰው በረጅም መንገድ መጨረሻ አግዳሚ ላይ ሲቀመጥ የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ ከውጭ መጣ።

ጸጥ አለ። ዝናቡ ብቻ ይሰማል። እንጨቱ አልጮኸም፤ ግድግዳውም አልተነቃነቀም። ከማዕዘኑ፣ ጭቃ በጭቃ የሆነው ሦስተኛው ረዳት፣ በዕድሜው ካሰማው ሁሉ ባማረ ድምፅ፦

«ቆመ!» አለ።

ሹሙ ወደ ዝናቡ ወጡ፤ እኔም ተከተልኳቸው። ቤቴ ትከሻውን በመለኪያው ቤት ላይ ጥሎ ዐርፏል። በላዩ የእትዬ ዘርትሁን፣ በላዩ የሌላው፣ እስከ ኮረብታው አናት ሁሉም ባለበት ረግቷል። ድንጋዩ ቤት ንቅንቅ አላለም። አለቱን ጨብጧል።

አቶ ልሳነወርቅ ውሃ በአፍንጫቸው እየወረደ ለብዙ ጊዜ አዩት።

«ይርዳው፣ ቤትህ የመለኪያውን ቤት ነክቷል።»

«አዎ ጌታዬ። ይማሩኝ፤ ብርቱ ነገር ገፍቶን ነው።»

«ነገ ማለዳ ይህን ቤት ባፈርሰው ምን ይሆናል?»

«እኔ እመጣለሁ!» አሉ እትዬ ዘርትሁን ከቀዳዳቸው።

«እኔም!» አለ ከሳቸው በላይ ያለው። «እኔም! እኛም!» እያለ ድምፁ ወደ ኮረብታው ወጣ።

«ሁላችሁም በመለኪያው ቤት ላይ ማለት ነው።»

«ሌላ የት እንሄዳለን ልጄ?» አሉ እትዬ።

ሹሙ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ደንቡን በልባቸው ሲያነቡት ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። መጨረሻ ላይ ዓይናቸውን ገለጡ፤ አንገታቸውን ዘመም አድርገው፦

«የመለኪያውን ቤት የሚጎዳ ነገር ማንም አያድርግ፤ ሹምም ቢሆን» አሉ። «ስለዚህ ይህን ቤት ማፍረስ ክልክል ነው። የላይኛውን ማፍረስ ክልክል ነው። ከሱም በላይ ያለውን። ከዚህም በላይ፣ በገዛ ራሱ የወደቀም እንደሆነ የመለኪያውን ቤት ይጎዳልና፣ ከነዚህ ቤቶች አንዱም እንዳይወድቅ መሠረታቸው ወደ አለቱ ወርዶ ይጠገን። ግንበኞቹ ወደ ራስጌ አይመለሱም። ድንጋይ እንዲወርድ አዛለሁ።»

«ለኛ?» አልኩ።

«ለመለኪያው ቤት ደህንነት» አሉ ኮስተር ብለው። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ለናንተ ብዬ ብልክ መንገዱ አይመችም ይሉኛል» አሉኝ።

«ታዲያ ልዩነቱስ ጌታዬ? ሸንጎው ሲጠይቅዎ ምን ሊሉ ነው?»

«ሕጉ የሚያውቀው አንድ ቤት ነው። እኔ የማየውም አንድ ቤት ነው፤ ትንሽ ረዘም ያለ። የታችኛው ግድግዳው ቀጥ ያለ ነው።» ይህን ብለው ውሃቸውን እያንጠባጠቡ ወደ ውስጥ ገቡ።

ቅስሜ እንዴት እንደተመለሰ ልነግራችሁ አልችልም፤ እኔ የማልችለው ነገር ብዙ እንዳይመስላችሁ። በዝናቡ ውስጥ ወደ ኮረብታው ሮጥኩ። በደረስኩበት ደጅ ሁሉ «ሰማችሁ ወይ? አይፈርስም! ነገሩን እንዴት እንዳዞርኩት ልንገራችሁ!» እያልኩ። የመጀመሪያው ቤት ሰማኝ፣ እልል አለ፣ እግዜር ይስጥልን አለ። ሁለተኛውም እንዲሁ። ወደ ላይ በሄድኩ ቁጥር ግን እልልታው እየሳሳ መጣ። ወሬው ቀድሞኝ ወጥቶ ኖሯል። አናቱ ላይ ስደርስ ብጣራ የሚመልስልኝ ጠፋ። ክው አልኩ። የአንዱን በር ገፋ አድርጌ ባይ አባወራው፣ ሚስቱ፣ ልጆቹ፣ ውሻው ሳይቀር በቀን በብርሃን ተዘርረው እንቅልፋቸውን ያንኮራፋሉ። የሚቀጥለውም ቤት ያው ነው። ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል፤ ጆሮውን ግድግዳ ላይ ያደረገ አንድ ሰው የለም። ስወርድ ግርጌ ከዳር እስከ ዳር ሲያንኮራፋ ሰማሁ። ነጎድጓዱን በልጦት ነበር፤ ይህን ያለ ጭማሪ ነው የምነግራችሁ።

እትዬ ዘርትሁን እንኳ አንገታቸውን ቀዳዳው ላይ እንዳሳረፉ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ቤቴ ስገባ ሹሙ መደቡ ላይ አፋቸውን ከፍተው፣ አንገታቸውን ወደ ግራ ጥለው ተኝተዋል፤ ረዳቶቻቸው አንዱ ባንዱ ላይ ተደጋግፈው። አልጣሽ ብቻ አንድ ዓይኗን ገለጠች።

«አልጣሽ፣ ያ ሁሉ ሲመጣ በጀርባዬ ምን እንዳደረግሁ አይተሻል?» ብዬ ጀመርኩ። «ድንጋዩ ገና ሳይደርስልኝ እኮ እኔ ብቻዬን...»

«አይቻለሁ» አለች። «ሦስት መቶ ነበሩ። ና ተኛ አሁን።»

ከጎኗ ገባሁ። ዝናቡ ይዘንባል። ከዚያ በኋላ በግርጌ የሆነውን የሚያውቅ ሰው ካለ እሱ ይንገራችሁ፤ እኔ ተኝቼ ነበር።